ልብ የሚገዛው ማን ነው? በቤተሰብ ሲትኮም ውስጥ በወጣት ወላጆች መካከል ስለሚታየው የስሜት ብስለት ልዩነት

ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ



የዛሬው ገለጻ ርእስ ሲነበብ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ስለ ሳቅ ድራማ በዩኒቨርሲቲ መድረክ መነጋገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ማታ እራት ተበልቶ፣ ልጅ ተኝቶ፣ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሌላ ባልና ሚስት ጠብ እያዩ ይስቃሉ። አብሮ የሚሳቅበት ነገር ሳይታወቅ የቤት ሕግ ይሆናል። ስለዚህ የምንስቀው በማን ላይ እንደሆነና የሳቁን ዋጋ ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ተገቢ ነው። የምነግራችሁም በአጭሩ ይህ ነው፦ ሲትኮም ከሁለቱ ወጣት ወላጆች አንዱ መቼም እንዳይበስል ይፈልጋል፤ እውነተኛ ቤት ግን እንዲህ ሆኖ አይጸናም።

በቅድሚያ ቃሉን እንመርምር። የሥነ ልቡና ምሁራን የስሜት ብስለት የሚሉት ሰው የራሱን ስሜት ለይቶ ማወቁን፣ ስሜቱ ሲገነፍል ድርጊቱን መግታቱን፣ የሌላውን ስሜት ከቁም ነገር መቁጠሩንና ያጠፋውን አምኖ መካሱን ነው። አማርኛችንም ለዚህ ጉዳይ የቆየና የጠራ ቃል አለው። ክፉና ደጉን መለየት የጀመረን ልጅ «ነፍስ ዐወቀ» እንላለን። ረጋ ያለውን፣ ነገርን በልኩ የሚይዘውን ደግሞ «ልብ ገዛ» እንለዋለን። ነፍስ ማወቅ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፤ ልብ ግን ይገዛል። «ገዛ» የሚለው ግስ ሁለት ትርጉም ይሸከማል፤ በዋጋ የራስ ማድረግን እና ማስተዳደርን። ሁለቱም ለጉዳያችን ይስማማሉ። ልብ የገዛ ሰው ስሜቱን የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ለዚህም ዋጋ ከፍሏል። ዋጋውም የታወቀ ነው፤ የተቋረጠ እንቅልፍ፣ የተዋጠ እልህ፣ «አጥፍቻለሁ» የሚል ቃል።

በባልና ሚስት መካከል የብስለት ልዩነት አለ የምንለው አንደኛው ይህን ዋጋ እየከፈለ ሌላኛው ሳይከፍል ሲኖር ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ረቂቅ መለኪያ አያስፈልግም። ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ ማን ይነሣል? የወሩ ወጪ ሲያጥር ቀድሞ የሚጨነቀው ማን ነው? ከኩርፊያ በኋላ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው? የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ሁልጊዜ የአንድ ሰው ስም ከሆነ፣ በዚያ ቤት አንድ ወላጅና ሁለት ልጆች አሉ ማለት ነው።

ወጣት ወላጆችን ለይቼ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገን ማሰላትንና ስሜትን መግታትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚያጠናቅቀው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ እንደሆነ የዘርፉ ጥናቶች ያስረዳሉ። የመጀመሪያ ልጅ መወለድ ደግሞ የጸናውን ትዳር እንኳ ይፈትናል። አሜሪካዊው የትዳር ተመራማሪ ጆን ጎትማን ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ክትትል፣ ልጅ ከተወለደ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ከሦስት ጥንዶች በሁለቱ ያህል የትዳር እርካታ በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። እንግዲህ ገና እየበሰለ ያለ ሰው፣ ከሁሉ ይበልጥ ብስለት የሚጠይቀውን ሸክም ሲሸከም እናየዋለን ማለት ነው።

አሁን ወደ ሲትኮም እንለፍ። ሲትኮም በአንድ ቤት፣ በአንድ ዓይነት ሰዎች ላይ፣ በየሳምንቱ አዲስ አጋጣሚ እየፈጠረ የሚያስቅ አጭር ድራማ ነው። በአሜሪካ አሠራር ማስታወቂያው ሲቀነስ ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቱ ይታመሳል፤ በመጨረሻውም ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ወደ ነበረበት መመለሱ ለቅርጹ ግዴታ ነው። ባል ዛሬ የተማረውን ለሚቀጥለው ሳምንት ይዞት ከመጣ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሳቅ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ገጸ ባሕርዩ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይታቀፋል፣ ይረሳል። አለመብሰል ለሲትኮም እንደ ጤፍ ለእንጀራ ነው፤ ያለ እርሱ አይጋገርም።

ይህ ያለመብሰል ድርሻ ለማን እንደተሰጠ ስንመለከት አንድ አስገራሚ ነገር እናገኛለን። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1957 በአሜሪካ በታየው «አይ ላቭ ሉሲ» ልጅ የምትመስለው ሚስት ናት፤ እርስዋ ታጠፋለች፣ ባልዋ ሪኪ ይቆጣል፣ ይመክራል። የዘመኑ ቴሌቪዥን ትዳርን ምን ያህል ሸፋፍኖ ያቀርብ እንደነበር ለማስረዳት፣ ሉሲ ስታረግዝ «እርጉዝ» የሚለውን ቃል በግልጽ መናገር አልተፈቀደም ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2005 በታየው «ኤቭሪባዲ ላቭስ ሬይመንድ» ግን ድርሻው ተገልብጧል። ሦስት ልጆች ይዛ ቤቱን የምትሸከመው ሚስት ዴብራ ናት፤ ሬይመንድ ከኃላፊነት ይሸሻል፣ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው እናቱም ታባብለዋለች። በአርባ ዓመት ውስጥ የሰው ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጽሑፉ ነው። «ሴት እንዲህ ናት»፣ «ወንድ መቼም ልጅ ነው» የምንለውን ብዙ ነገር የጻፈው ሰው እንዳለ ከዚህ እንረዳለን።

ለርእሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን «ጆርጂ ኤንድ ማንዲስ ፈርስት ሜሬጅ» የተባለው ሲትኮም ነው። በሲቢኤስ ጣቢያ መታየት የጀመረው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲሆን «ያንግ ሼልደን» ከተባለው ድራማ የተወለደ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። በቴክሳስ የሚኖር ጆርጂ የተባለ ልጅና ማንዲ የተባለች ወጣት ይተዋወቃሉ። እርሱ 17 ዓመቱ ሳለ 21 ነኝ አላት፤ እርስዋም 29 ዓመትዋ ሳለ 25 ነኝ አለችው። ሁለቱም በዕድሜ ዋሹ፤ አንደኛው ወደ ላይ፣ ሌላኛዋ ወደ ታች። ሴት ልጅ ተወለደች። ከዚያም ተጋብተው በማንዲ ወላጆች ቤት ይኖራሉ፤ ጆርጂም በአማቱ የጎማ ንግድ ውስጥ ይሠራል።

ይህ ጥንድ የሚያስተምረን ብስለት አንድ መሰላል እንዳልሆነ ነው። ጆርጂ በዕድሜ ታናሽ ነው፤ ትምህርቱንም አቋርጧል። ሆኖም ሠርቶ ማደርን፣ ለልጁ መቆምን በተመለከተ ከብዙ ትላልቅ ሰዎች ይቀድማል። ማንዲ በዕድሜና በሕይወት ልምድ ትበልጠዋለች። ሆኖም በእናትዋ ቤት፣ በእናትዋ ዓይን ሥር ስትኖር ከእናትዋ ጋር ያለው የቆየ ቅራኔ እንደገና የቤት ልጅ ያደርጋታል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም መሪ ቦወን ሁለት ሰዎች ውጥረታቸውን ራሳቸው መሸከም ሲያቅታቸው ሦስተኛ ሰው ወደ መካከላቸው ይስባሉ ብሎ አስተምሯል። በድራማው ሦስተኛዋ ብዙ ጊዜ አማት ናት። በእውነተኛው ቤት አማት ባትኖር ሦስተኛው የሚሆነው ልጁ ነው፤ «ለአባትህ እንዲህ በለው»፣ «እናትህን እንዲህ በላት» እየተባለ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። «ያንግ ሼልደን» ያለ ተመልካች ሳቅ የተሠራ ነበር፤ ሁለተኛው ግን በስቱዲዮ ተመልካች ፊት የሚቀረጽ በመሆኑ ሳቁ ይሰማል። ስለዚህ ያው ጥንድ፣ ያው የዕድሜ ርቀት፣ አንድ ጊዜ በዝምታ፣ ሌላ ጊዜ በሳቅ ታጅቦ ቀርቧል ማለት ነው። በዝምታው ውስጥ ተመልካቹ «ይህች ልጅ አሁን ምን ተሰማት?» ብሎ ለማሰብ ፋታ ያገኛል። ሳቁ ሲመጣ ፋታው ይዘጋል። ሳቅ ክፉ ነው አላልሁም፤ ሳቅ ግን ውሳኔ ነው፤ ከሁለቱ የማንን ሕመም እንደምናልፈው ይወስናል።

በሀገራችንም የቤት ውስጥ ኑሮን ለሳቅ ያቀረቡ ሥራዎች አሉ። በጥላሁን ጉግሳ አዘጋጅነት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበውን «ቤቶች»፣ በኢቢኤስ የሚታየውን «በስንቱ» ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እነዚህን ከሌላ ዓይነት ሥራ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ በዕድሜ ከፍ ያልን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ያ ድራማ የተሠራው ሜክሲኮአዊው ሚጌል ሳቢዶ ባበጀው ዘዴ ነበር። በዚህ ዘዴ መልካም ምሳሌ የሆኑና መጥፎ ምሳሌ የሆኑ ገጸ ባሕርያት አሉ፤ ዋነኞቹ ግን በሁለቱ መካከል የሚዋልሉት፣ እየተሳሳቱ የሚለወጡት ናቸው። አድማጩ ራሱን የሚያየው በእነርሱ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ተከታታዩ ድራማ ሰው እንዲለወጥ ይጠብቃል፤ ሲትኮም ባለበት እንዲቆይ ይጠብቃል። ሁለቱንም ማየት ይቻላል፤ የትኛው ለትዳር አብነት እንደሚሆን ግን መለየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። የ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በሀገር ደረጃ የሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ዓመት፣ የወንዶች ደግሞ 23.7 ዓመት ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ርቀት አለ። በአማራ ክልል የሴቶቹ ዕድሜ ከሀገራዊው መካከለኛ ቁጥር ዝቅ ያለ ነው። ሕጉን በተመለከተ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15፣ ወንድ በ18 ዓመት እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር፤ ይህም ልዩነቱን ራሱ ሕጉ የደነገገው ያህል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ሕጉ በዕድሜ አስተካክሏቸዋል፤ የብስለቱ ርቀት ግን በዐዋጅ አይጠብም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የምናየው ነገር የጆርጂንና የማንዲን ታሪክ ይገለብጠዋል። እዚህ በዕድሜ ታናሽዋ ሚስት ናት። ሆኖም ብዙ ጊዜ ቀድማ የበሰለች የምትመስለውም እርስዋ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዋጋውን እንድትከፍል የምትገደደው እርስዋ ናትና። ውኃው፣ ምድጃው፣ ልጁ፣ የአማት ፊት ሁሉ ይጠብቃታል። ባልዋ በዕድሜ ቢበልጣትም ትናንት እናቱ ታበላው ነበር፤ ዛሬ ሚስቱ ታበላዋለች፤ የተለወጠው አብሳይዋ ናት። ሰው ይህን አይቶ «ልጅቱ ቶሎ ልብ ገዛች» ብሎ ያመሰግናል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። በፀሐይ የጠወለገ ፍሬ ከሩቅ ሲያዩት የበሰለ ይመስላል። ዝም ማለትዋ፣ መቻልዋ፣ አለማልቀስዋ ከፍርሃት የመጣ ከሆነ ብስለት ሊባል አይገባውም። የሥነ ልቡና ባለሙያዎች በልጅነቱ የወላጅ ሸክም የተጫነበት ሰው ውሎ አድሮ ያልኖረውን ልጅነት እንደሚፈልግ ያስረዳሉ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት የሚወቅሰው ልጁን ይመስለናል። እኔ ግን ሊጡን ለልጅ የሰጠውን ትልቅ ሰው የሚወቅስ አድርጌ አነበዋለሁ።

አባቶቻችን ይህን ርቀት ጨርሶ አላወቁትም ማለት አይቻልም። ለድልድይ ያበጇቸው ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሚዜ ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ይቆጠራል፤ በደል ቢደርስባት አቤት የምትለው ለእርሱ ነው። ሽማግሌ አለ፤ የንስሐ አባት አለ። ተጣልታ ወደ ወላጆችዋ የሄደችውን ሚስት ባል ሽማግሌ ይዞ ይለምናል፤ ካሣም ይቆርጣል። ይህ ሥርዓት ትልቅ ጥበብ አለው፤ ለጥንዶቹ ሦስተኛ ሰው ሲያስፈልግ ልጁን ሳይሆን ትልቅ ሰው ያቆማል። ጉድለቱም አይካድም። «ቻይው» የሚለው ምክር በአብዛኛው ለአንድ ወገን ብቻ የሚሰጥ ነበር። እርስዋን ወደ ቤት መመለስ እንደ ፍጻሜ ይቆጠር ነበር፤ ልክ ሲትኮሙ በመጨረሻው ደቂቃ ሁሉን ወደ ነበረበት እንደሚመልሰው።

ዛሬ ደግሞ ከፈረስ ቤት ወርደው በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ባለትዳሮች ሚዜውም፣ ሽማግሌውም፣ አማትም በቅርብ የሉዋቸውም። ያላቸው ስልክና ቴሌቪዥን ነው። በመሆኑም የሽማግሌውን ወንበር ቴሌቪዥኑ ይዞታል፤ እርሱ ደግሞ ያስቃል እንጂ አያስታርቅም።

የልዩነቱን የመጨረሻ ዋጋ የሚከፍለው ልጅ እንደሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ የትውልድ ስፍራ እዚሁ ጎረቤታችን ማንኩሳ ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ወጣቶች አልነበሩም፤ እንዳይሞትባቸው ከመስጋት የተነሣ የተሳለው ስለት ግን የልጁን መንገድ ገና በሕፃንነቱ ወሰነው። ፍርሃቱ የወላጅ ነበር፤ ዕዳው የልጅ ሆነ። በጎልማሶች ቤት እንዲህ ከሆነ፣ ሁለቱም ገና ልብ ባልገዙበት ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ፖፑሌሽን ካውንስል በክልላችን ሁለት ተጓዳኝ ፕሮግራሞች ነበሩት። «መሠረተ ሕይወት» የተባለው በልጅነታቸው ያገቡ ሴቶችን፣ «አዲስ ብርሃን» የተባለው ደግሞ ባሎችን በየቡድናቸው ያሰባስብ ነበር። ባሎቹ ከመካከላቸው በተመረጠ አወያይ እየተመሩ ስለ ሚስትና ልጅ እንክብካቤ፣ ያለ ዱላ ስለ መኖር፣ የቤት ሥራን ስለ መጋራት ይነጋገሩ ነበር። በግምገማው ሴቶቹ ሲሳተፉ ባሎቻቸው በቤት ሥራ የማገዝ ልማዳቸው ጨምሮ ተገኝቷል፤ ባልም ሚስትም በተሳተፉባቸው ቤቶች ደግሞ ውጤቱ በአጠቃላይ ከፍ ያለ ነበር። ትርጉሙ ቀላል ነው። የጎጃም ገበሬ ልብ መግዛትን ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጦ ሊማረው ይችላል። «ወንድ መቼም ልጅ ነው» የሚለው አባባል በዚያ ሥራ ተፈትኖ ወድቋል።

ለማጠቃለል፣ ሲትኮም አትዩ አልላችሁም። ስታዩ ግን ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ እዩ። የተሳቀበት ጥፋት በማን ላይ ነው የወደቀው? ይቅርታው ከተጠየቀ በኋላ የተለወጠ ነገር አለ? ልጁ በዚህ ጊዜ የት ነበር? ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ሦስቱን ጥያቄዎች ስለ ራሳችሁ ቤት ተጠያየቁ። ሌሊት የሚነሣው አንድ ሰው ብቻ ከነበረ ነገ ሌላው ይነሣ። ከኩርፊያ ቀድሞ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ከነበረ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላው ይጀምር። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል፤ መቅዳቱን ግን ሁለቱም በየተራቸው ቢያደርጉት ይሻላል።

ከተሳታፊዎች ለተነሣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ባልዋ ልብ ያልገዛላት ሴት እስከ መቼ ትጠብቅ? መቻልስ ብስለት አይደለም ወይ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከባዱን ጥያቄ ነው ያነሡት። በመጀመሪያ አለመብሰልንና ዱላን እንለይ። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 የተመለከተ ወንጀል ነው፤ ለእርሱ የትዕግሥት ምክር አልሰጥም፤ ወደ ሕግ ነው የሚኬደው። ከዚያ በመለስ ያለውን በተመለከተ፣ መቻል ብስለት የሚሆነው የሚችለው ሰው የሚችለውን ነገር በስሙ ጠርቶ ለሌላው ሲነግረው ነው። «ደክሞኛል፤ ይህን አንተ ያዝልኝ» ያለች ሴት ለባልዋ የሚከፍለውን ዋጋ አሳየችው። ዝም ብላ የሁለቱን ድርሻ የተሸከመች ግን፣ ሳታስበው፣ ልብ የሚገዛበትን ዕድል ከእጁ ወሰደችበት። ስንት ጊዜ ትጠብቅ ላሉት፣ በዓመት አልመልስም። ነግራው የተለወጠ ነገር ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ያ ቤት በመብሰል ላይ ነው። በየሳምንቱ ይቅርታ እየተባለ በየሳምንቱ ወደዚያው ከተመለሰ ግን ሦስተኛ ትልቅ ሰው የሚጠራበት ጊዜ ደርሷል። የሚጠራው ሰውም ለእርስዋ ብቻ «ቻይው» የማይል፣ እርሱንም «አንተስ?» ብሎ የሚጠይቅ ይሁን።